ስምና ባለቤቱ

ከመገናኛ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚያቀናው የሚኒባስ ታክሲ ረዳት ቀኑን ሙሉ ሲጠራቸው የሚውለው ስሞች ከየት እንደ መጡ የሚጠይቅ መንገደኛ ጥቂት ነው። «ሲኤምሲ» በአንድ ወቅት በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረ የኢጣሊያ ሥራ ተቋራጭ ኩባንያ ስም ምሕጻረ ቃል ነው። «አያት» በዚያው አቅጣጫ ቤት እየሠራ ከሸጠ የሪል እስቴት ኩባንያ ስም የመጣ ነው። «ሰሚት ፔፕሲ» በተባለ ጊዜ ደግሞ፣ በውጭ አገር ባለቤት ፈቃድ እዚህ የሚሞላ የለስላሳ መጠጥ የንግድ ምልክት የፌርማታ ስም ሆኗል ማለት ነው። ወደ ቦሌ በኩል ሲታጠፍም ነገሩ ያው ነው፤ ኤምባሲው፣ ሆቴሉ፣ የገበያ ማዕከሉ፣ ሕክምና ቤቱ ሳይቀር ለየሠፈሩ ስም አውጥቷል። ሕዝቡ የኩባንያን ስም አንሥቶ የሠፈር ስም ሲያደርግ ማንንም አላስፈቀደም፤ ለማንም አልከፈለም። ስሙ ከማኅተሙ ወጥቶ የአፍ ስም፣ የቀጠሮ ቦታ፣ የልቅሶ ቤት ምልክት ሆኖ ቀርቷል።

ጉዞው በተገላቢጦሽ ሲሆን ግን ጠብ ይነሣል። የሠፈር፣ የወረዳ፣ የሕዝብ ስም ከአፍ ተነሥቶ ወደ ማኅተም ሲገባ፣ ወይም የአንዱ ማኅተም በሌላው ደጃፍ ላይ ሲሰቀል፣ ከሳሽና ተከሳሽ ይቆማሉ፤ ጠበቃ ይከራከራል፤ ዳኛም ስም የማን እንደ ሆነ እንዲወስን ይጠየቃል። ጥያቄው የሕግ ብቻ ቢመስልም ከሕግ በፊት የነበረ የሞራል ጥያቄ ነው። ስምን ስም ያደረገው ማን ነው? ስሙ ሲሸጥ፣ ሲወረስ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍስ የተላለፈለት ሰው በእርግጥ የተረከበው ምንድን ነው?

በትንሽ ገበያ ውስጥ የንግድ ምልክት አያስፈልግም። ቅቤ የምትሸጠዋን ሴት ገዢው በመልኳ፣ በአገሯ፣ በቤተ ዘመዷ ያውቃታል። ቅቤዋ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ሆኖ ቢገኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ያገኛታል፤ ያን ጊዜም የገበያው ሰው ሁሉ ዳኛ ነው። ገበያው ሲሰፋና አምራችና ተጠቃሚ ሲራራቁ ግን ፊት ይጠፋል። በጠፋው ፊት ፈንታም ምልክት ይቆማል። የንግድ ምልክት እንግዲህ በመሠረቱ፣ በቦታው የሌለ ሰው ለማያውቀው ሰው የሰጠው ቃል ነው። «ትናንት የወደድኸው ዛሬም ያው ነው» የሚል ቃል።

ይህን ከሌሎች የቆዩ ምልክቶች ለይቶ ማየት ይጠቅማል። ከብት አርቢው የበሬውን ጆሮ የሚበጣው፣ በጋለ ብረትም ገላውን የሚተኩሰው «የእኔ ነው» ለማለት ነው፤ ምልክቱ ፊቱን ያዞረው ወደ ሌባው ነው። የንግድ ምልክት ግን «ከእኔ ነው» ይላል፤ ፊቱንም ያዞረው ወደ ገዢው ነው። በ«የእኔ ነው» እና በ«ከእኔ ነው» መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ፊደል ይሁን እንጂ፣ የመጀመሪያው መብት ብቻ ሲሆን ሁለተኛው ኀላፊነትም ነው። የዛሬው ክርክር አብዛኛው የሚመነጨው ሁለተኛውን በመጀመሪያው ሚዛን ከመመዘን ነው።

የቅኔ ቤት ሥርዓትም እዚህ ላይ ሳይነሣ አይታለፍም። የአማርኛ ቋንቋ ባለቅኔውን «ቅኔ ዘረፈ» ማለቱ ከአንድ በላይ የውጭ አገር ተማሪ አስደንግጦ ይሆናል። ሆኖም በዚያ ጉባኤ ትልቁ ነውር የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ቅኔው ለዕለቱ አዲስ ሆኖ መቅረብ አለበት፤ የሰማ መምህር ወዲያው ያውቃል፤ ቅጣቱም ኀፍረት ነው። መዝገብ የለ፣ የምስክር ወረቀት የለ፤ ጆሮ ብቻ አለ። በዚያ ሥርዓት ግን አንድ የሌለ ነገር አለ፤ የቅኔውን ባለቤትነት ገዝቶ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ የእኔ ነው» ሊል የሚችል ሰው የለም። ቅኔ ይወረሳል እንጂ አይሸጥም። የንግድ ምልክት ግን ይሸጣል።

በኢትዮጵያ ይህን ነገር የሚገዛው ሕግ ዘግይቶ የመጣ ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ስለ ንግድ ስምና ስለ መለያ ምልክት አንሥቶ፣ ተገቢ ያልሆነ የንግድ ውድድርንም ከልክሎ ነበር። ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ ባለ ምልክቱ የሚተማመነው በጋዜጣ በሚያወጣው የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ ነበር፤ ይኸውም «ይህ ምልክት የእኔ ነውና እንዳትነኩ» የሚል፣ ከጩኸት ብዙም ያልራቀ ነገር ነው። በ1978 ዓ.ም. ምልክትን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የማስቀመጥ መመሪያ ወጣ። በ1995 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት፣ ይኸውም የዛሬው ባለሥልጣን፣ ተቋቋመ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 ታወጀ። ከዚህ ወዲህ ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ እየታደሰም ይቀጥላል። ባለ ምልክቱ ሌላው ሰው ያንኑ ወይም ተጠቃሚውን ሊያሳስት የሚችል ተመሳሳይ ምልክት እንዳይጠቀም መከልከል ይችላል። ምልክቱንም ለሌላ ሊያስተላልፈው፣ ወይም ባለቤትነቱን እንደ ያዘ ሌላው እንዲጠቀምበት ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል።

ከእነዚህ ቃላት ሁሉ ክብደት ያለው «ማሳሳት» የሚለው ነው። ሕጉ የሚቆጣው የአንዱ ሥዕል ከሌላው ሥዕል በመመሳሰሉ ብቻ አይደለም፤ ገዢው በመመሳሰሉ ተታልሎ እንደ ሆነ ይመረምራል። እንዲህ ከሆነ ዘንድ የባለ ምልክቱ መብት የቆመው በተጠቃሚው ጉዳት ላይ ነው ማለት ነው። ባለ መብቱ የሚከሰው በራሱ ስም ቢሆንም ከኋላው የሚቆመው ያ የማይታወቅ ገዢ ነው። ይህ ነገር በደንብ ከተያዘ የቀረው ሁሉ ከእርሱ ይመዘዛል።

አሁን ወደ ቢራው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ፋብሪካዎች የመንግሥት ሲሆኑ እርሱም፣ የሰበታው ሜታ አቦም የመንግሥት ሆኑ። ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ1998 ለፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን ተሸጠ። ሜታን በ2004 ዓ.ም. የእንግሊዙ ዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዲያጆ መልሶ ለዚያው ለካስቴል ሸጠው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባለቤቱ ነጋዴ፣ መንግሥት፣ ፓሪስ፣ ለንደን እየተባለ ሲፈራረቅ አንድ ያልተለወጠ ነገር ቢኖር ማታ ማታ ወንበሩን ስቦ «ሜታ አምጪ» የሚለው ሰው ነው። ቀድሞ በጊዮርጊስና በሜታ ስም ጎራ ለይቶ ይከራከር የነበረው ጠጪ፣ ሁለቱም በአንድ እጅ ከገቡ በኋላ እንኳ ክርክሩን አላቆመም።

225 ሚሊዮን ዶላር የወጣው ለጋኑና ለቧንቧው ብቻ ነው ብሎ የሚያምን የለም። ሕንፃው በሌላ ቦታ ይሠራል፤ ማሽኑ በሌላ ገንዘብ ይገዛል። በዋጋው ውስጥ ያ የሰውዬው «ሜታ አምጪ» ማለት ተቆጥሯል። ልማዱ፣ ትዝታው፣ ከአባቱ የሰማው ስም ተቆጥሯል። ታዲያ የጠጪው ልማድ ሲሸጥ ጠጪው የድርሻውን ይቀበል ማለት ቀልድ ይሆናል፤ ለመጠጣቱ ደመወዝ የሚጠይቅ ሰው አልታየም። ነገር ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ገዢው ኩባንያ የገዛው ስም በሌሎች ሰዎች መተማመን የተሠራ ከሆነ፣ አብሮት የመጣ ዕዳ አለ። ስሙን የተረከበ ቃሉንም ተረክቧል። የቢራውን ጣዕም በርካሽ ጥሬ ዕቃ አሳንሶ በዚያው ማኅተም ቢሸጥ፣ በሕግ የገዛ ንብረቱን ነው የተጠቀመበት፤ በኅሊና ግን የሌላውን ሰው ቃል አጥፏል። አስመሳዩ ነጋዴ ከውጭ ሆኖ የሚያደርሰውን ጉዳት እርሱ ከውስጥ ያደርሰዋል። ልዩነቱ አስመሳዩን የሚከሰው ሰው መኖሩ፣ እርሱን የሚከሰው ግን አለመኖሩ ነው።

ሕጉ ይህን ፈጽሞ ዘንግቶታል ማለት አይቻልም። ምልክትን ማስተላለፍ ሕዝብን የሚያሳስት በሆነ ጊዜ ዋጋ እንዳይኖረው የማድረግ ሐሳብ በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ አለ፤ የቀደመው ዘመን አስተሳሰብማ ምልክት ከድርጅቱ ተነጥሎ ጭራሽ እንዳይሸጥ ያዝዝ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እጅ ሳይተላለፍ ፊርማ ብቻ ቢተላለፍ ማጭበርበር ይሆናል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ዘመናዊው ንግድ ይህን ማሰሪያ እያላላ መጥቷል። ዛሬ ስም ብቻውን ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፤ ፋብሪካው፣ ሠራተኛው፣ ጥበቡ ባሉበት ይቀራሉ።

በዚህ መካከል ቦሌ የራሷን ቲያትር ስትሠራ ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ በዚያ ሥራ የጀመረው ካልዲስ ኮፊ አረንጓዴ ክብ ምልክቱን፣ የአስተናጋጆቹን ሽርጥ፣ የቤቱን አቀማመጥ ሳይቀር ያየ ሰው ሁሉ የሲያትሉን ስታርባክስ ያስታውስ ነበር። ስታርባክስ በአዲስ አበባ ሱቅ ሳይከፍት መልኩ ቀድሞት ገባ። በሌላም ጊዜ የካሊፎርኒያን የሃምበርገር ቤት ስም የያዘ ምግብ ቤት በዚህች ከተማ ታይቷል። ሌሎችም አሉ፤ በአንዲት ፊደል ብቻ ከታወቀ ስም የተለዩ፣ «ንጉሥ» የነበረውን «ንግሥት» አድርገው ያለፉ።

ነገሩን በስርቆት ስም ብቻ ጠርቶ ማለፍ ቀላል ነው፤ በድሃ አገር ብልሃትነት አወድሶ ማለፍም እንዲሁ። ሁለቱም ከምርመራ የሚያድኑ መልሶች ናቸው። ቦሌ ካልዲስ ገብቶ ማኪያቶ ያዘዘ ወጣት ሲያትል የተቀመጠ መስሎት አልተታለለም። የቀረበለት ቡና የአገሩ ቡና ነው፤ ዋጋውን ያውቃል፤ ባለቤቱ ኢትዮጵያዊት እንደ ሆነችም ያውቃል። በ«ማሳሳት» ሚዛን ከተመዘነ ጥፋቱ ቀሊል ይሆናል። ቦሌ የፈለገችው ሌላ ነገር ነበር። መንገዷ ሲሰፋ፣ ሕንፃዋ በመስታወት ሲለበድ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያዋ የሚወርደው መንገደኛ ሲበዛ፣ የዓለም አካል መሆኗን የሚያረጋግጥላት ምልክት ፈለገች፤ ያን ምልክት ከሌላ ሰው ማኅተም ላይ ተዋሰችው። በዚህ ውስጥ የተጎዳው የውጭው ባለቤት ነው ቢባል አንድ ነገር ነው፤ ቀድማ የተጎዳችው ግን የራሷ የፈጠራ እጅ ናት። አረንጓዴ ክብ ለመሥራት የተቀመጠ ሠዓሊ ሌላ ነገር ለመሥራት የሚችል ሠዓሊ ነበር።

በስሙ ላይ ደግሞ የታሪክ ፌዝ አለበት። «ካልዲ» ፍየሎቹ ሲፈነጥዙ አይቶ ቡናን አገኘ የሚባለው የካፋ እረኛ መሆኑ ነው። ነገር ግን ይህ ታሪክ በጽሑፍ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ከታተመ የላቲን መጽሐፍ ሲሆን፣ እረኛው በዚያ ስም አልነበረውም፤ ስሙን ያገኘው ከዚያ ወዲህ አውሮፓውያን ታሪኩን እየደጋገሙ ሲተርኩት ነው። በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ ከተማም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በዚሁ እረኛ ስም የሚሠራ የቡና ኩባንያ አለ። እንግዲህ አውሮፓ ለኢትዮጵያዊ እረኛ ስም አወጣ፤ አሜሪካዊው ስሙን ለሱቁ ሰጠ፤ ኢትዮጵያዊቷ መልሳ ወሰደችው። ማን ከማን ሰረቀ? ዛሬ በዚያው ሠፈር ያደጉ ልጆች አረንጓዴውን ክብ ሲያዩ መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው ካልዲስ ነው፤ ስታርባክስን ያወቁት በኋላ በፊልም ነው። በዓመታት ብዛት መልኩ በተውሶ የተጀመረው ምልክት በጠጪው ልብ ውስጥ የራሱን ትርጉም አበጀ። ይህ መነሻውን ንጹሕ አያደርገውም፤ ነገር ግን የምልክት ትርጉም የሚሠራው በመዝገብ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

አሁን ደግሞ ሌላው ገጽ። ቦሌ አረንጓዴ ክብ ትሰቅል በነበረባቸው በእነዚያው ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በዋሽንግተን ስለ ስም ይሟገት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ «ይርጋ ጨፌ»፣ «ሐረር» እና «ሲዳሞ» የተባሉት የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡላት ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤት አመለከተች። ለሲዳሞ ግን የቀደማት ነበር፤ ስታርባክስ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን የራሱን ምልክት ለማስመዝገብ አመልክቶ ተገኘ። ምልክቱ «ሽርክና» በሚል የአማርኛ ቃል ይጀምር ነበር። ቃሉ አማርኛ፣ ቦታው ኢትዮጵያ፣ ቡናው ኢትዮጵያ፤ አመልካቹ ሲያትል። በአንድ ፓውንድ እስከ 26 ዶላር ይሸጥ ከነበረው ከዚያ ቡና ገበሬው የሚደርሰው ድርሻ በጣት የሚቆጠር ሳንቲም ወይም ከአንድ ዶላር ብዙ የማይዘል ነበር። ሽርክና ማለት ይህ ከሆነ ቃሉ ራሱ ከሳሽ ሊሆን ይገባዋል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር የኢትዮጵያን ማመልከቻ ተቃወመ። የመቃወሚያው ምክንያት ለፍልስፍና ጥሩ መነሻ ነው። ስሞቹ በንግዱ ዓለም የታወቁ የቡና ዓይነት ስሞች ሆነዋልና የማንም አይደሉም ተባለ። ማለትም ስሙ እጅግ ስለ ታወቀ ባለቤት የለውም! ትውልድ በትውልድ የለፋበት ዝና፣ ዝናው በመብዛቱ ምክንያት የለፊው መሆኑ ቀረ። «ሲኤምሲ»ን ያወጣ የታክሲ ረዳትም ይህንኑ ይል ነበር፤ ስሙ በሁሉ አፍ ነውና የሁሉ ነው። ነገር ግን የታክሲው ረዳት ስሙን ሲጠራ የኩባንያውን እንጀራ አይነካም። የቡናው ነጋዴ ስሙን ሲጠራ ከገበሬው እንጀራ ላይ ይቆርሳል። አንድ ድርጊት እዚህ ንጹሕ እዚያ በደል የሚሆነው በዚህ ነው፤ ስም ማንሣት ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ ስም አንሥቶ የሌላውን ድካም መሸጥ ነው።

ሌላም ሐሳብ ቀርቦላት ነበር። በንግድ ምልክት ፈንታ የቡናውን መነሻ ቦታ በሚያረጋግጥ የምስክርነት ምልክት ትጠቀም ተባለች። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ነገር ግን ሚሊዮን ገበሬ በየጓሮው የሚለቅመውን ቡና እየዞሩ «ይህ በእውነት ከዚህ ነው» ብሎ ማኅተም ለመምታት የሚያስፈልገውን ወጪና ሠራዊት ያሰበ ሰው፣ ምክሩ ከየትኛው ወገን እንደ መጣ ይገባዋል። በጽሕፈት ቤቱ ኀላፊ በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ የተመራው ወገን በምልክቱ ጸና። ይርጋ ጨፌ በ1998 ዓ.ም. ተመዘገበ፤ ኦክስፋም በ1999 ዓ.ም. ጉዳዩን በዓለም አደባባይ አወጣው፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ስታርባክስና ኢትዮጵያ ተስማሙ። ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት ተቀበለ፤ ኢትዮጵያም ያለ ክፍያ የመጠቀም ፈቃድ ሰጠች። ፈቃዱ ያለ ክፍያ መሆኑ አንዳንዱን ሰው አሳዝኗል። ሆኖም ትርፉ ሌላ ቦታ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን የሚጠራ ነጋዴ ፈቃድ ለምኖ ይጠራዋል።

ከድሉ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን ከጠላት ጋር ከሚደረገው ክርክር ይከብዳል። መንግሥት በሲዳሞ ስም ባለቤት የሆነው ስለ ማን ነው? «ሲዳሞ» የቀድሞው ክፍለ ሀገር ስም ነው። የሲዳማ ሕዝብ ራሱን የሚጠራው ሲዳማ ብሎ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ክልል ሲሆንም በዚህ ስሙ ነው የሆነው። ሕዝቡ በደጁ ያልተቀበለው አጠራር በባሕር ማዶ በማኅተም ጸንቶ ይሸጣል። ይርጋ ጨፌ በጌዴኦ ምድር ያለች ከተማ ናት፤ ጌዴኦም ያን ጊዜ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር ተቆጥሮ ነበር። «ሐረር» የሚባለው ቡና የሚበቅለው በአመዛኙ በሐረርጌ ደጋና ወይና ደጋ እንጂ በግንቡ ውስጥ አይደለም፤ ከተማዋ የገበያው በር ነበረች፤ የበሩ ስም የጓሮው ስም ሆነ። መንግሥት እንግዲህ የስሙ ባለቤት ነው ከማለት አደራ ጠባቂ ነው ማለት ይቀላል። የአደራ ጠባቂ መብት ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ መክሰስ፣ መፍቀድ፣ መከልከል ይችላል። ግን አንድ ነገር አይችልም፤ «ገበሬው ምን ደረሰው?» ለሚል ጥያቄ «ንብረቱ የእኔ ነው» ብሎ መመለስ።

አደራ በሌለበት መተላለፍ ምን እንደሚያመጣ የጤፍ ታሪክ ያሳያል። እርግጥ ነው፣ ያ ክርክር ስለ ፓተንት እንጂ ስለ ንግድ ምልክት አልነበረም፤ ነገር ግን ስለ ተላለፈለት ሰው ከዚህ የጠራ ምሳሌ አይገኝም። በ1997 ዓ.ም. አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ተዋውሎ የጤፍ ዘር ተቀበለ፤ ከሚያገኘውም ጥቅም ሊያካፍል ቃል ገባ። በአውሮፓ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት ያዘ። በ2001 ዓ.ም. ኩባንያው ከሰረ። ፓተንቱ ግን አልከሰረም፤ ከከሰረው ኩባንያ ሰዎች ጋር ግንኙነት ወዳለው ሌላ ኩባንያ ተላልፎ ተገኘ። ቃል የገባው ሞተ፤ መብቱ ተረፈ። ኢትዮጵያ በውሉ እንዳትጠይቅ ተዋዋይዋ የለም፤ በፓተንቱ የያዘው ኩባንያ ደግሞ «እኔ አልተዋዋልሁም» ባይ ነው። ነገሩ የተቋጨው በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ አዲስ ፈጠራ የሌለበት ነው ብሎ በሆላንድ ሲሽረው ነው፤ ያም የሆነው ኢትዮጵያ ተሟግታ ሳይሆን የፓተንቱ ባለቤት ሌላ የአገሩን የዱቄት ነጋዴ በመክሰሱ ነው። ጤፍ የሚያበቅለው ገበሬ ስለ ክሱ የሰማው ፍርዱ ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚህ በመነሣት የተላለፈለትን ሰው ሁሉ እንደ ዘራፊ ማየት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ስም የማይተላለፍ ቢሆን ኖሮ መሥራቹ ሲሞት ሥራው አብሮ ይሞት ነበር። በጎሮ ወይም በገርጂ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ በታሸገ ከረጢት የምትሸጥ ሴት ስሟን አሥር ዓመት ለፍታ አስከበረች እንበል። ስታረጅ ስሙን ለሌላ ትሸጠው ዘንድ ካልተፈቀደላት የአሥር ዓመት ልፋቷ ዋጋ አያገኝም። የገዛትም ሰው በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅል አስመሳይ ያንኑ ከረጢት አሳትሞ ቢወጣ ሊከስሰው ይገባል፤ እርሱ ካልከሰሰ የሚከስ የለም። የሃምበርገር ቤቱ ሥዕል ቢኮረጅ የሚጎዳው ኩራት ነው፤ የበርበሬው ከረጢት ቢኮረጅ የሚጎዳው የልጅ ጨጓራ ነው። ስለዚህ «ምልክት የሀብታም ጉዳይ ነው» የሚለው አባባል በመርካቶና በሾላ ገበያ አይሠራም፤ «ኦርጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ?» ብሎ ደጋግሞ የሚጠይቀው ሁለት ጊዜ ለመግዛት ዐቅም የሌለው ሰው ነው።

የተላለፈለት ሰው መብት እንግዲህ እውነተኛ መብት ነው። በጽሑፍ ከተደረገና በመዝገብ ከገባ ሌላውን ሁሉ ይከለክላል፤ ሻጩን ራሱንም ጭምር። በዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የገዛ ስሙን በደጃፉ ሰቅሎ የኖረ ሰው ያን ስም ከሸጠ በኋላ፣ ማዶ ተሻግሮ በዚያው ስም ሌላ ቤት ቢከፍት ጣሽ የሚሆነው እርሱ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም፣ ክርስትና የተነሣበት ሳይቀር፣ በዚያ ሥራ ላይ የእርሱ መሆኑ ቀርቷል። ለሕግ ባለሙያው ይህ ተራ ነገር ነው። ስምን ከመቃብር በላይ ለሚያውል ሕዝብ ግን ገና ሳይሞቱ ከስም መለየት ነው።

ይህ ሁሉ በትንሹ የሚታየው በክትፎ ቤት ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነውና የማንንም ቤት ስም መጥራት አያሻም። አንድ ሰው በስሙ ቤት ይከፍታል፤ ቤቱ ይታወቃል፤ ሰውዬው ያልፋል። ልጆቹ ይከፋፈላሉ። አንደኛው በቦሌ መድኃኔ ዓለም፣ ሁለተኛዋ በሲኤምሲ በኩል፣ በዚያው ስም ይከፍታሉ፤ አንደኛው «ዋናው» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛዋ «ቁጥር 1» ትላለች። ክሱ ይቀጥላል፤ ሽማግሌ ይገባል፤ ውርስ ተጣርቶ ስሙ ለአንደኛው ይጸናል፤ ያም ስሙን ለሌላ ባለሀብት ይሸጣል። አዲሱ ባለቤት ቤቱን ያድሳል፣ ወንበሩን ይለውጣል፣ የሟቹን ፎቶግራፍ በትልቅ ክፈፍ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል።

ሃያ ዓመት ሙሉ ሥጋውን የከተፈችው፣ ቅቤውን ያነጠረችው፣ ሚጥሚጣውን የመጠነችው ሴት ግን በኑዛዜውም በሽያጩ ውልም ላይ የለችም። ስሟን በደንበኞቹ መካከል የሚያውቀው ጥቂት ነው። በአዲሱ ባለቤት ዘመን ጥቂት ወራት ሠርታ ትለቅቃለች፤ ጎሮ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ትከራያለች፤ በደጃፉ ላይ ምን ብላ እንደምትጽፍ ታስባለች። የሠራችበትን ቤት ስም መጻፍ አትችልም፤ ተከልክሏል። የራሷን ስም ማንም አያውቀውም። በመጨረሻ ቀለም ቀቢው የሚጽፈው «ክትፎ አለ» የሚል ብቻ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከድሮ ደንበኞች አንዱ በአጋጣሚ ገብቶ ይጎርሳል፤ ቀና ብሎ ወደ ወጥ ቤቱ ይመለከታል፤ «እዚህ ያለችው ማን ናት?» ብሎም ይጠይቃል።